ልጄ ምግብ ስትጀምር የደረቀው ሆዷ እንዴት እንደተስተካከለ

እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ልጄ 6 ወር ሞልቷት ገንፎ እንደጀመረች ሆዷ ደረቀ። ጡት ብቻ ስትጠባ ቢጫና ልል የነበረው ሰገራዋ የፍየል በጠጥ መሰለ፤ ስታምጥ እግሯን ወደ ሆዷ ሰብስባ ታለቅሳለች። በጣም ነው የደነገጥኩት።

አማቴ በደግነት «ለጋ ቅቤ አስውጫት» አሉኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ሆዷን ዳብሳ፣ «እናት፣ ቀለሙና ሽታው መቀየሩ ያለ ነው፤ ካሮት ስትበላ ብርቱካናማ ሆኖ ቢወጣ አትደንግጪ። አንቺ የምታዪው መድረቁን ነው። ቅቤ እንዳታስውጫት፣ ትን ሊላት ይችላል» አለችኝ።

ሩዝና ሙዝ አዘውትሬ እሰጣት ስለነበር እነሱን ቀነስኩ። በደንብ የበሰለ ፓፓያ በማንኪያ ጀርባ ድፍጥጥ አድርጌ ጠዋት ጠዋት ሰጠኋት፤ ከሰዓት አቮካዶ። ከምግብ በኋላ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በኩባያ ጥቂት ጥቂት ትጎነጫለች። ጡቷን እንደ ድሮው በፈለገችው ሰዓት ትጠባለች። ገንፎውን በአጃ ቀየርኩት እንጂ አላቀጠንኩትም፤ ቀጭን ምግብ ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። አመሻሽ ላይ በጀርባዋ አስተኝቼ እግሯን እንደ ብስክሌት አንቀሳቅስላታለሁ።

በሳምንቱ ሰገራዋ ለሰለሰ፣ ለቅሶውም ቀረ። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ሆድ ከተነፋ፣ ካስመለሳት ወይም ጡት እምቢ ካለች ግን ፓፓያ እየሰጣችሁ አትጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷት።