ኢሲሲ ራም ወይስ መደበኛው? ብር ከመክፈልዎ በፊት

ራም ሊገዛ የወጣ ሰው ስንት ጊጋ እንደሆነና ፍጥነቱን ይጠይቃል። ኢሲሲ (ECC)፣ ማለትም የዳታ ስህተትን ራሱ የሚያርም ራም፣ መሥራት አለመሥራቱን ግን ከራሙ ቀድመው የሚወስኑት ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ናቸው።

ዲዲአር4 የተባለው የራም ትውልድ መደበኛው በአንድ ጊዜ 64 ቢት (0 ወይም 1 የሚይዝ ትንሹ የዳታ ክፍል) ያመላልሳል። ኢሲሲው 8 መቆጣጠሪያ ቢት ጨምሮ 72 ያደርገዋል። አንድ ቢት ቢገለበጥ እዚያው ይታረማል። ሁለት ከተገለበጡ ማረም ባይቻልም ስህተቱ ይታወቃል፤ ማሽኑም ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ዳታ ይዞ ከመቀጠል መቆምን ይመርጣል።

አንድ ቢት ምን ያህል ያበላሻል? የሂሳብ ዳታቤዝ ውስጥ ያለ 5,000 ብር ራም ላይ ሳለ የ8,192ን ቦታ የያዘው ቢት ከ0 ወደ 1 ቢዞር ቁጥሩ 13,192 ይሆናል። ፕሮግራሙ አይዘጋም፣ ፋይሉም በደህና ይከፈታል። ማታ ባክአፕ ሲወሰድ የሚቀዳው ይኸው የተሳሳተው ቁጥር ነው። ጉግልና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በጉግል ሰርቨሮች ላይ ከ100 ራሞች 8 ያህሉ በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ የታረመ ስህተት አሳይተዋል። አንዴ የተሳሳተ ራም ደግሞ መድገም ይቀናዋል።

ስለዚህ ሌትና ቀን የሚሠራ፣ የሂሳብ ወይም የታካሚ መዝገብ የያዘ፣ ወይም በርካታ ቨርችዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) የሚያስተናግድ ኮምፒውተር ኢሲሲ ይገባዋል። ለጌም፣ ለቢሮ ጽሑፍና ለኢንተርኔት መደበኛው ይበቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ይቅደም፤ መብራት ሲጠፋ ኢሲሲም ምንም አያድንም።

አሁን ወደ ግዢው። ኢንቴል ላይ ዚዮን የተባለው የሰርቨርና የወርክስቴሽን ፕሮሰሰር ከሚስማማው ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ) ጋር ያስፈልጋል። ከ12ኛው ትውልድ ወዲህ ብዙዎቹ የኮር ፕሮሰሰሮች ኢሲሲን የሚያሠሩት ደብልዩ680ን በመሰለ የወርክስቴሽን ቺፕሴት ላይ ነው። ኤኤም4 በተባለው የኤኤምዲ የፕሮሰሰር ሶኬት ላይ ስማቸው መጨረሻ የጂ (G) ፊደል የሌላቸው ራይዘን ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ይቀበላሉ፤ ማዘርቦርዱ መፍቀዱን ግን ከማኑዋሉ ያረጋግጡ። ወጥመዱ እዚህ ነው፦ አንዳንድ ማኑዋል ኢሲሲ ራም ይቀበላል ብሎ ዝቅ ብሎ ደግሞ እንደ መደበኛ ብቻ ይሠራል ይላል። እንዲህ ከሆነ ለእርማቱ የከፈሉት ብር ባከነ።

ሁለተኛው ወጥመድ ሬጅስተርድ የሚባለው የሰርቨር ራም ነው። ያገለገለው ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ገዝቶ ተራ ዴስክቶፕ ላይ ይሰካዋል። ዲዲአር4 ከሆነ ስሎቱ ውስጥ በደንብ ይገባል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። በዲዲአር5 በራሙ ጠርዝ ላይ ያለው ክፍተት ስለተለያየ ጭራሽ አይገባም። ከመግዛትዎ በፊት ስቲከሩን ያንብቡ። ፒሲ4-2400ቲ (PC4-2400T) ከሚለው ቀጥሎ ካለው ሰረዝ በኋላ ያለው ፊደል ዩ (U) ከሆነ መደበኛ፣ ኢ (E) ከሆነ ባፈር (መሃል ላይ ሆኖ ሲግናል የሚያቀብል ቺፕ) የሌለው ኢሲሲ፣ አር (R) ከሆነ ሬጅስተርድ ነው። ስቲከሩ ከተላጠ ቺፖቹን ይቁጠሩ፤ በአንድ ጎን 8 ከሆኑ መደበኛ፣ 9 ከሆኑ ኢሲሲ መሆኑን ይጠርጥሩ። መሃል ላይ መልኩ የተለየ ተጨማሪ ቺፕ ካለ ሬጅስተርድ ነው።

ሻጩ «ዲዲአር5 ሁሉ ኢሲሲ አለው» ካለዎት አይቀበሉት። በዲዲአር5 ሁሉ ያለው እርማት በራሙ ቺፕ ውስጥ የሚቀር ነው፤ ከራሙ እስከ ፕሮሰሰሩ ባለው መንገድ ላይ የሚፈጠረውን አያርምም፣ ስህተቱንም ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አይናገርም።

ከገጠሙ በኋላ መሥራቱን ያረጋግጡ። ሊኑክስ ላይ ዲኤምአይዲኮድ (dmidecode) የተባለው ትእዛዝ ለዲዲአር4 ጠቅላላ ስፋት 72፣ የዳታ ስፋት 64 ማለት አለበት። ሁለቱም 64 ካሉ ወይ ራሙ ኢሲሲ አይደለም፣ ወይ ባዮሱ (የማዘርቦርዱ መቼት) ላይ ጠፍቷል። 72 ማለቱም ራሙን እንጂ እርማቱ መብራቱን ብቻውን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ኢዳክ (EDAC) የተባለው የሊኑክስ የራም ስህተት መከታተያ ሞጁል መጫኑን ይዩ፣ ስህተቶቹን የሚመዘግበውን ራስዴሞን (rasdaemon) ጭነው የታረሙትን ስህተቶች ቆጣሪ ይከታተሉ። በወራት አንዴ ቢመጣ አያስጨንቅም። ከአንድ ራም በተደጋጋሚ ከመጣ ራሙን ነቅለው ሌላ ስሎት ላይ ይሰኩት፦ ስህተቱ ከራሙ ጋር ከሄደ ራሙን ይቀይሩ፣ በስሎቱ ከቀረ የስሎቱን አቧራና የፕሮሰሰሩን አቀማመጥ ይፈትሹ።