ትንሿን የእንፋሎት ባቡር ቤት ውስጥ እንዴት እናስኪዳት?

ባቡሯን መጨረሻ ግዙ። ለጀማሪ የምሰጠው ምክር ይኸው ነው። ልብ የምትሰርቀው እሷ እንደሆነች አውቃለሁ። ግን የእንፋሎት ባቡር ሞዴል ሞልቃቃ ናት። ብዙ ጎማ በአንድ ግትር አካል ስር ስለተደረደረ፣ ሐዲዱ ትንሽ ከተዛባ ትወጣለች፤ ትንሽ ከቆሸሸ ትቆማለች። (በነገራችን ላይ "የእንፋሎት" ይባሉ እንጂ የአብዛኞቹ ሆድ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የምር ውሃ አፍልተው የሚሄዱም አሉ፤ የእነሱ ጣጣ ሌላ ነው።)

መጀመሪያ መጠን ምረጡ። በብዛት የሚገኘው ኤችኦ የሚባለው ነው፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቤት ከጠበበ ኤን አለ፦ 1 ለ160፣ ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር። እኔ ግን ለዓይንም ለጣትም ኤችኦ ይሻላል ባይ ነኝ። የለገሃሩን ባቡር በትንሹ ልሥራ የሚል ካለ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው አሮጌ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ ስለዚህ በ1 ለ87 ሲሠራ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። የስዊዘርላንድ ተራራ ባቡሮችም ብዙዎቹ ባለ 1 ሜትር ስለሆኑ፣ ይህ ሐዲድ አውሮፓ ውስጥ አይጠፋም።

ከዚያ ጠረጴዛ። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ፣ 1.22 በ2.44 ሜትር፣ ይበቃል። ከስሩ ሞራሌ እንጨት አድርጉ፤ ካልሆነ ይጎብጣል። በውሃ ልክ ለኩት። ግድግዳ ላይ አታስጠጉት፤ ባቡሯ የምትወድቀው ሁሌም እጅ በማይደርስበት ጥግ ነው።

አሁን ሐዲዱ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ኩርባው በሰፋ ቁጥር የእንፋሎት ባቡር ትደሰታለች። በዚያ ኮምፔንሳቶ ላይ ከመሃል እስከ ሐዲዱ 56 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩርባ ይገባል፤ ከየጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጥፍር ዳብሱት። ጥፍር ከያዘ ጎማም ይይዛል፤ በሞረድ አለስልሱት። ለሞተሩ በሐዲዱ በኩል ኃይል የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ሽቦ አንድ ቦታ ብቻ አታገናኙ፤ መጋጠሚያዎቹ ሲላሉ ኃይል ይቀንሳል፣ ባቡሯም ራቅ ስትል ትደክማለች። ሦስት አራት ቦታ ብየዱ። ሲያልቅ አንድ ባዶ ፉርጎ በጣት እየገፋችሁ ሙሉውን ዙሩ። ፉርጎው ከወጣ ባቡሯም ትወጣለች።

አሁን ግዙ። ያገለገለ ከሆነ ሆዷን ገልብጡ። እኔ አንዴ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንዲት ጥቁር ውብ ባቡር አነሳሁ። ቤት ወስጄ ሐዲዱ ላይ ሳስቀምጣት ኃይሉ ድርግም አለ። ሾርት! ለካ መሃል ላይ ባለ ሦስተኛ መስመር የምትሄድ፣ ማርክሊን የተባለው የጀርመን ሞዴል ሠሪ ዓይነት ናት። የእነዚህ የግራና የቀኝ ጎማ በኤሌክትሪክ የተገናኘ ነው፤ የእኔ ሐዲድ ደግሞ ግራና ቀኙ በኤሌክትሪክ መነጣጠል አለበት። ጥፋቱ የራሴ ነው። ሆዷ ላይ ረጅም የብረት ምላስ አለ፤ ገልብጬ ባየው ኖሮ ይነግረኝ ነበር። ሌላው የሚታየው የብረቱ አካል ነው፤ የተሰነጣጠቀ ወይም ያበጠ ከሆነ ተዉት፣ አይጠገንም። የጎማ ቀለበቷ ከደረቀ ግን አያሳስብ፤ ይቀየራል።

ስለ ቢግ ቦይ፣ ስለ ታዋቂዋ የአሜሪካ የእንፋሎት ባቡር፣ ልትጠይቁኝ ነው። ከ1941 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. ለዩኒየን ፓስፊክ የባቡር ኩባንያ የተሠሩት 25ቱ ግዙፎች! የኤችኦ ሞዴሏ ብቻ ወደ 47 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ በጠባብ ኩርባ ላይ አፍንጫዋ ከሐዲዱ ውጭ ይንጠለጠላል። ለመጀመሪያ ባለ ስድስት ጎማ ትንሽ ባቡር ትሻላለች።

የመጀመሪያ ጉዞ ያለ ፉርጎ ይሁን። ግማሽ ሰዓት ወደፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደኋላ፣ በመካከለኛ ፍጥነት። ዘይት ስታደርጉ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ፣ ፕላስቲክ የማይጎዳ። የመኪና ዘይት አይሞከርም። ጭስ የምታወጣ ከሆነች የጭስ ፈሳሹ ሳይኖር ጭስ ማውጫውን አታብሩት፣ ይቃጠላል።

መንቀጥቀጥ ስትጀምር ሞተሩን አትጠርጥሩ፤ ቆሻሻ ነው። ሐዲዱን በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይሰበሰባል። ለጎማዎቹ ደግሞ ጨርቁን ሐዲዱ ላይ አንጥፉ፤ ግማሹን ጎማ ጨርቁ ላይ፣ ሌላውን ባዶው ሐዲድ ላይ አድርጋችሁ ባቡሯን ያዙና ኃይል ስጡ። ጨርቁ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ይቀራል። መስመሩ እስኪጠፋ ድገሙት።