ከኖቤል ተሸላሚዎች ጋር አንድ ሳምንት፦ ከጎንደር ወደ ሊንዳው ለምትሄዱ

ከሊንዳው ከተመለስኩ ወዲህ በየላብራቶሪውና በየሻይ ቤቱ የምጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። «እንዴት ሄድሽ?» የሚል ነው። «ሄደሽስ ምን አደረግሽ?» የሚለኝ ብዙም የለም። ለእኔ ግን ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ረዘም አደርገዋለሁ።

ለማያውቁት፦ ሊንዳው በደቡብ ጀርመን ኮንስታንስ ሐይቅ ላይ ያለች ከተማ ናት። አሮጌው ከተማ ያለው ደሴት ላይ ነው። እዚያ በየዓመቱ በበጋቸው፣ በእኛ ሰኔ አጋማሽና መጨረሻ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ የኖቤል ተሸላሚዎችና ወደ 600 የሚጠጉ ወጣት ተመራማሪዎች ለአንድ ሳምንት ይሰበሰባሉ። ስብሰባው የተጀመረው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። ፍራንዝ ካርል ሃይንና ጉስታቭ ፓራደ የተባሉ ሁለት የሊንዳው ሐኪሞች ሐሳቡን አመነጩ፤ ከስዊድን ንጉሣዊ ቤተሰብ የተወለደው ካውንት ሌናርት በርናዶት ደግሞ አብሯቸው ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ ከዓለም ተነጥሎ የቀረውን የጀርመን ሳይንስ መልሶ ለማገናኘት ነበር ዓላማቸው።

መጀመሪያ የምታዩት የዓመቱን ዘርፍ ነው። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሕክምና ይፈራረቃሉ። አንዳንድ ዓመት ሁሉንም ያቀላቅላሉ፤ ኢኮኖሚክስ ደግሞ ለብቻው አለው። ዕድሜ ከ35 በታች መሆን አለበት። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪም፣ ማስተርስም፣ ፒኤችዲም፣ ፖስት ዶክም ማመልከት ይችላል። አንድ ሰው የሚሳተፈው ግን በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ የራሳችሁ ዳታ እጃችሁ ሳይገባ አትቸኩሉ። አንድ ዓመት ጠብቆ የሚያወራው ይዞ የሄደ ሰው ይጠቀማል።

መግቢያው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ከስብሰባው ጋር የሚሠሩ የትምህርትና የምርምር ተቋማት በዕጩነት ሲያቀርቧችሁ ነው። ሌላው በራስ ማመልከት ነው። ቀነ ገደቡ የሚያልፈው ከስብሰባው ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሆነ ከእንቁጣጣሽ በፊት የስብሰባውን ድረ ገጽ ማየት ጀምሩ። የመስቀል በዓል ሰሞን «አመለክታለሁ» እያሉ ማዘግየት ብዙ ጎበዝ ልጅ አስቀርቷል።

አሁን ወደ ማመልከቻው ጽሑፍ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚለየው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ካላችሁ አውጡት። ሁሉም ያንን ጽፏል። የምትጽፉት ከእናንተ ሌላ ማንም ሊጽፈው የማይችለውን ነው።

እኔ የምሠራው ካላዛር ላይ ነው፤ ሌሽማኒያሲስ ከሚባሉት በሽታዎች አንዱ ነው። ጎንደር የሚሠራ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወጣት የቀን ሠራተኞች ሜዳ ላይ ያድራሉ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረው ዋልካ አፈርና ግራር ባለበት አካባቢ ነው፤ ዋልካው ሲደርቅ በሚሰነጠቀው ስንጥቅ ውስጥ ትሸሸጋለች። ሌሊት ትነድፋለች። ልጁ ትኩሳቱ ወባ መስሎት ይከርማል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ሲደርስ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ተወጥሯል፤ እጅና እግሩ ግን ቀጥኗል። ከዚያ የተለመደው ሕክምና 17 ቀን በየቀኑ የሚወጋ ሁለት ዓይነት መርፌ ነው። ማመልከቻዬን የጀመርኩት ከእነዚህ 17 ቀናት ነበር። ስለ ፍቅሬ ለሳይንስ አንድም ቃል የለበትም። አንድ ታካሚ፣ 17 ቀን፣ ከዚያ ጥያቄዬ፦ ለዚህ በሽታ በአፍ የሚዋጥ ቀላል ሕክምና እንዲገኝ ላብራቶሪዬ ውስጥ ምን ማወቅ አለብኝ?

የእናንተ ሥራ ጤፍ ዝገት ላይ ሊሆን ይችላል፣ ጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ላይ ሊሆን ይችላል። መንገዱ ያው ነው። ከአካባቢያችሁ አንድ ነገር በቅርብ አሳዩና ወደ ጥያቄያችሁ ግቡ።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይም አንድ ነገር ልበል። አስተማሪን ኮሪደር ላይ አቁሞ «ሪኮመንዴሽን ይጻፉልኝ» ማለት አይበቃም። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ስጧቸው። የሠራችሁትን በአንድ ገጽ አስፍራችሁ ያዙላቸው። «ጽፈሽ አምጪና ልፈርም» የሚል መልስ ከመጣ በትሕትና «እርስዎ ያዩትን እንዲጽፉልኝ ነው» በሉ። እናንተ ስለራሳችሁ የምትጽፉት ደብዳቤ ደረቅ ነው የሚሆነው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ናሙናው እንዳይበላሽ ምን እንዳደረጋችሁ መናገር የሚያምርበት በአስተማሪያችሁ አፍ ነው።

ከተመረጣችሁ በኋላ ቀጥታ ወደ ቪዛ ነው። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው እስከ 6 ወር አስቀድሞ ይገባል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር አይቻልም። የቀጠሮ ወረፋ ስላለ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ። ፓስፖርታችሁ ከመመለሻችሁ ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የጉዞ ጤና መድኅን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይፈለጋል። የግብዣው ደብዳቤ ወጪያችሁን ማን እንደሚችል በግልጽ ይበል። ከመሥሪያ ቤታችሁም ሠራተኛ ወይም ተማሪ እንደሆናችሁና እንደምትመለሱ የሚገልጽ ደብዳቤ ያዙ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛ አስወጡ። ከአዘዞ ተነስቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ያለውን ወጪና ጊዜም አስቡበት፤ አሻራ ለመስጠት በአካል መቅረብ አለ።

ሻንጣ ላይ ብዙ አልቆይም። ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ አትያዙ፤ ሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት አይፈቀድም። እናቶቻችሁ ቢቆጡም እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ይጣላል። በሶና ዳቦ ቆሎ ይበቃል። ጿሚ ከሆናችሁ ደግሞ ጊዜው ጾመ ሐዋርያት ነው። የምዝገባ ቅጹ ላይ ስለ ምግብ ሲጠይቋችሁ «ቪጋን» በሉ፤ ሥጋ፣ ወተትም፣ እንቁላልም የሌለው ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። የአገር ልብስም ያዙ። የባቫሪያ ምሽት የሚባል አለ፤ ሰው ሁሉ የየአገሩን ለብሶ ይመጣል። የእኔ ጥበብ ቀሚስ ከማንም ጋር ሳልተዋወቅ ብዙ ሰው ወደ እኔ አምጥቶልኛል።

ዋናው ዝግጅት ግን ሌላ ነው። ሥራችሁን በአንድ ደቂቃ መናገር ልመዱ። እኔ የተለማመድኩት እቤት ቡና ላይ ነው፣ በአማርኛ። «ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለ ጥገኛ ተውሳክ...» ብዬ ጀመርኩ። እናቴ ጀበናውን ዘንበል እንዳደረገች ቆም አለችና «ይሄ የሰሊጥ ልጆቹን የሚይዘው ነው እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ታዲያ ለምን ከሰሊጡ አትጀምሪም?» አለች። ከሰሊጡ ጀመርኩ። ሊንዳውም የተናገርኩት ያንኑ ነው። የፊዚክስ ሰውም፣ የነርቭ ሳይንስ ሰውም ገባው። ሳይንቲስት ያልሆነ ሰው ፊት ሳትለማመዱ አትሂዱ።

ቀጥሎ፣ የሚመጡትን ተሸላሚዎች ዝርዝር አይታችሁ ሦስት አራት ሰው ምረጡ። ሁሉንም አታሳድዱ። የኖቤል ንግግሮቻቸው በነፃ ይገኛሉ፤ አንብቡ። እንደ እኔ ጥገኛ ተውሳክ ላይ ለምትሠሩ የ2015 እ.ኤ.አ. የሕክምና ሽልማት ታሪክ ጥሩ መነሻ ነው። ዊሊያም ካምቤልና ሳቶሺ ኦሙራ ለጥገኛ ትል መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን፣ ቱ ዩዩ ለወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን ነበር የተሸለሙት። ኦሙራ መድኃኒቱ የተገኘበትን ባክቴሪያ ያገኘው ከጃፓን አፈር ነው። ቱ ዩዩ ፍንጩን ያገኘችው ከጥንታዊ የቻይና የሕክምና መጽሐፍ ነው።

እዚያ ስትደርሱ ጠዋት ጠዋት ንግግር አለ። ንግግሩ ጥሩ ነው፤ ግን እሱ ብቻውን አያስጉዝም። የተሄደበት ነገር ያለው፣ ወጣቶች ብቻ ከተሸላሚው ጋር በሚቀመጡበት ውይይት፣ በምሳ ጠረጴዛና በእግር ጉዞ ላይ ነው። ምሳውና የእግር ጉዞው በጥቂት ሰው የተወሰነ ስለሆነ ምዝገባው ሲከፈት ወዲያው ግቡ። ሥራችሁን መድረክ ላይ የምታቀርቡበት ዕድልም አለ፤ ለእሱ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ልቆይ። እኛ አገር ያደገ ልጅ ታላቅ ሰው ሲናገር ቀና ብሎ አያይም። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ካልጠሩት አይጠጋም። ይህ አስተዳደግ የሚያሳፍር አይደለም፤ እኔ እወደዋለሁ። ሊንዳው ላይ ግን ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠን ሰው አክባሪ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። የመጣበት ጉዳይ የለውም ብለው ያልፉታል። ስለዚህ አክብሮታችሁን በሌላ መንገድ አሳዩ። የሰውየውን ሥራ አንብባችሁ ኑ። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጥያቄያችሁን ወረቀት ላይ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉት። እጃችሁን ከመጀመሪያዎቹ ጋር አውጡ፤ ከዘገየ ማይክሮፎኑ አይደርሳችሁም። ረጅም ምስጋና አታስቀድሙ። ምስጋናው እያለቀ ሰዓቱም ያልቃል።

እኔ የጠየቅኩት፣ መግዣ የሌላቸው ሰዎች ለሚታመሙት በሽታ መድኃኒት መፈለግን ምን ሊያነሳሳው እንደሚችል ነበር። ተሸላሚው አዛውንት መልስ ከመስጠታቸው በፊት መልሰው ጠየቁኝ። «ታካሚው 17 ቀን ሲተኛ የእሱን ሥራ ማን ይሠራለታል?» አሉ። አጨዳ ላይ ከሆነ ማንም እንደማይሠራለት፣ የዓመቱ ገቢ እንደሚያልፈው ነገርኳቸው። «እሱን ቁጠሪው» አሉኝ። «መድኃኒቱ ስንት እንደሚያወጣ ሁሉም ይቆጥራል። በሽታው ከሰውየው ኪስ ስንት እንደሚወስድ ካልተቆጠረ ግን ማንም አያየውም።» ከዚያ ወዲህ የታካሚ መጠይቃችን ላይ ስለ ቀረ የሥራ ቀን የሚጠይቅ መስመር አለ።

ፎቶ ተነሱ፣ ምንም አይደለም። ግን ለፎቶ ተሰልፋችሁ የቡና ዕረፍቱን አትጨርሱት። ያንን ጊዜ ለእኩዮቻችሁ ስጡት። ከስድስት መቶው ወጣት ውስጥ የእናንተን ችግር በሌላ አገር የሚሠራ ሰው አይጠፋም። ከመሄዳችሁ በፊት ፈልጉት። እኔ ከሕንድ ቢሃር የመጣች ልጅ አገኘሁ። ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ብዙ አወራን፤ ፀሐይ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስለሆነ የምትገባው ቀኑ አያልቅም። እነሱ ዘንድ የአሸዋ ዝንቧ ያለችው በቤትና በከብት በረት ውስጥ ነው። ግድግዳ ላይ መድኃኒት ይረጫሉ፤ ብዙ ረድቷቸዋል። የእኛ ሰው የሚነደፈው ግን ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር ነው። ለማደሪያ ግድግዳ እንኳ የለውም። አንድ በሽታ ነው፣ መከላከያው ግን አይገናኝም። ይህንን ከሁለታችን በቀር እዚያ ወንበር ላይ ማን በዚያ ጉጉት ያወራው ነበር?

ስለ አገራችሁ ሳይንስ ይጠይቋችኋል። ሉሲን ያውቃሉ። ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ንገሯቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ፤ ከታጠበበት በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነበር። ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። ይህንን ስነግራቸው ብዙዎቹ ማስታወሻቸውን አውጥተው የተክሉን ስም ጻፉ። የላቲን ስሙን ይዛችሁ ሂዱ፦ ፊቶላካ ዶዴካንድራ።

በመጨረሻው ቀን በመርከብ ወደ ማይናው ደሴት ይኬዳል። የበርናዶት ቤተሰብ የአትክልት ደሴት ናት። የዚያን ቀን ሁሉም ፈታ ይላል። በሳምንቱ ያልደፈራችሁትን ሰው መርከቡ ላይ አናግሩት፤ ማንም የሚጣደፍበት ስብሰባ የለውም።

ስትመለሱ ድካሙ ሳይወጣላችሁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ኢሜይል ጻፉ። «ተዋውቀን ነበር» ብቻ አትበሉ። ምን እንዳወራችሁ በአንድ መስመር አስታውሱና ቃል የገባችሁትን ነገር አያይዙ፤ ወረቀትም ይሁን ፎቶ ወይም ፕሮቶኮል። ለዲፓርትመንታችሁ ሴሚናር አቅርቡ። ማመልከቻችሁንም፣ የቪዛ ሰነዶቹን ዝርዝርም፣ ለሚቀጥለው አመልካች በፍላሽ ገልብጣችሁ ስጡ። የእኔን የሚፈልግ ላብራቶሪ ይምጣ፤ ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት አለሁ።