የንብ ሰም ለምግብ ቧንቧ ቁስል በአይጥ ሲሞከር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ቃር የሚደጋገምበት ሰው የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ የምግብ ቧንቧውን ያቆስለዋል። ለዚህ ቁስል ከንብ ውጤቶች መድኃኒት የሚፈልጉ ተመራማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በአይጥ ይጀምራሉ፤ አይጧ በማደንዘዣ ተኝታ የጨጓራዋ መውጫ በክር ይታሰርና አሲዱ ለሰዓታት ወደ ምግብ ቧንቧዋ እንዲመለስ ይደረጋል። በዚህ ረገድ ከሚታወቁት አንዱ ሃቫና የሚገኘው የኩባ ብሔራዊ የሳይንሳዊ ምርምር ማዕከል ከንብ ሰም አጣርቶ ያዘጋጀው ዲ-002 ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የሚሞከረውን ነገር በቅጡ ሳይለዩ «የንብ ውጤት» ብሎ መነሣት ነው። ዲ-002 ከ24 እስከ 34 የካርቦን አቶሞች ያሏቸው የስድስት አልኮሎች (የሚጠጣው ዓይነት ሳይሆኑ ሰም መሰል ውሁዶች) ቅይጥ ስለሆነና ከእነዚህም የሚበዛው ትራያኮንታኖል የተባለው መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ሌላ ቤተ ሙከራ ያንኑ አዘጋጅቶ ሥራውን መድገም ይችላል። ፕሮፖሊስ፣ ማለትም ንቦች ቀፏቸውን የሚደፍኑበት ሙጫ፣ ግን ንቧ ሙጫውን እንደለቀመችበት ተክል ይለያያል። በአገራችንም ለመድኃኒትነት የሚፈለገውን የጣዝማ ማር ከተራው ማር ጋር በአንድ ስም መመዝገብ አይገባም፤ ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ፣ ከማር ንብ የተለየች ነፍሳት ናት።

ሁለተኛውና እኔ ከሁሉም የከፋ የምለው መድኃኒቱ የተበጠበጠበትን ፈሳሽ መርሳት ነው። የሰም አልኮሎች በውኃ ስለማይሟሙ በግራር ሙጫ ውኃ ተበጥብጠው ይሰጣሉ፤ ሙጫው ግን ራሱ ዝልግልግ ስለሆነ የምግብ ቧንቧውን ግድግዳ ሸፍኖ ከአሲድ ሊጋርድ ይችላል። ስለዚህ ማነጻጸሪያው ቡድን ያንኑ የሙጫ ውኃ፣ በዚያው መጠንና በዚያው ሰዓት ማግኘት አለበት፤ የሚሞከረው ማር ከሆነ ደግሞ እኩል ስኳርና እኩል ውፍረት ያለው ፈሳሽ ያስፈልጋል። ይህ ቡድን የሌለበትን ሙከራ ውጤት አለው ብዬ አልቆጥረውም።

ሦስተኛው፣ ምግቡ ከሣጥኑ ስለተነሣ ብቻ አይጧ ጾማለች ብሎ ማመን ነው። አይጥ የራሷን ኩስ ትበላለች፤ በሰጋቱራ ላይ ካደረች በማግስቱ ጨጓራዋ ሲከፈት ጥቋቁር ፍርፋሪና ሰጋቱራ ሊገኝበት ይችላል። ይህ ቅሪት አሲዱን እየመጠጠ ቁስሉን ሲያሳንስ ምስጋናው ሳይገባው ለመድኃኒቱ ይሆናል። መፍትሔው በጾሙ ጊዜ ወለሉን የሽቦ ወንፊት ማድረግ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተሰጠ መድኃኒት ያዳነ ሳይሆን የተከላከለ መሆኑም ይረሳል። ወደ ሐኪም የሚመጣው ታማሚ ግን ቀድሞ የቆሰለ ነው።

ቁስሉን በሚሊሜትር የሚለካው ሰው የትኛው ቧንቧ ከየትኛው ቡድን እንደመጣ ማወቅ የለበትም፤ ናሙናዎቹ በቁጥር ብቻ ይለዩ።

የጨጓራውን ፈሳሽ ብዛትና አሲድነት አለመለካትም ትልቅ ጉድለት ነው። ለማነጻጸሪያ የሚሰጠው ኦሜፕራዞል አሲዱን ይቀንሳል፤ ለዲ-002 የሚጠቀሰው አሠራር ደግሞ ግድግዳውን የሚሸፍነውን ንፍጥ ማጠናከርና ኦክሲዴሽንን (ከኦክስጅን በሚመነጩ ውሁዶች በሴሎች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት) መከላከል ነው። ልኬቱ ከሌለ አሲዱ ስለቀነሰ ይሁን ግድግዳው ስለጠነከረ ቁስሉ ያነሰው አይታወቅም።

የአይጦቹን ቁጥር አስቀድሞ በስሌት አለመወሰንና ሥቃያቸውን አለማስታገስ እንስሳቱን በከንቱ ማጥፋት ነው። ሳይንቲስቶቹ ራስልና በርች እንስሳትን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥራቸውን መቀነስና ሥቃያቸውን ማቃለል የሚሉትን መርሖች ያቀረቡት በ1959 እ.ኤ.አ. ነው።

በመጨረሻም መጠኑን በክብደት ብቻ አባዝቶ ወደ ሰው ማሻገር ስህተት ነው። በቆዳ ስፋት ስሌት የአይጥ መጠን ለ6.2 ስለሚካፈል፣ በኪሎ 100 ሚሊግራም የወሰደች አይጥ መጠን ለሰው በኪሎ 16 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። ይህም ቢሆን መነሻ ግምት ብቻ ነው፤ አይጥ ማስታወክ አትችልም፣ የምግብ ቧንቧዋም የውስጥ ሽፋን እንደ ሰው ለስላሳ ሳይሆን ኬራቲን (ጥፍርና ጸጉር የተሠሩበት ጠንካራ ፕሮቲን) የለበሰ ነው።