የሚጠላ ገጸ ባሕርይ በፊልም ሲለወጥ፣ ለውጡን እንዴት መመርመር ይቻላል?

በዘመን ተሻጋሪ ልቦለዶች ውስጥ አንባቢ የሚጠላቸው ገጸ ባሕርያት ወደ ፊልም ሲመጡ ብዙ ጊዜ ይለሰልሳሉ። ተመልካቹ አዘጋጁ ደግነት የጨመረላቸው ይመስለዋል፤ ለውጡ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከተቀነሰው ነው። የምርመራውን አካሄድ ለማሳየት የኤሚሊ ብሮንቴን «ዉዘሪንግ ሃይትስ» እና የልቦለዱን ሰው ሂትክሊፍን እንወስዳለን፤ ልቦለዱ የታተመው በ1847 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በመጀመሪያ ፊልሙን ሳያዩ ልቦለዱን ያንብቡ፤ ገጸ ባሕርዩ የተሰማውን ሳይሆን የፈጸመውን ብቻ በወረቀት ይመዝግቡ። ሂትክሊፍ ከሊቨርፑል ጎዳና ተወስዶ ያደገ፣ በአሳዳጊው ልጅ የተደበደበና የተዋረደ በመሆኑ ያሳዝናል። ይሁን እንጂ ያፈቀራት የካትሪን ባል እኅት የሆነችውን ኢዛቤላን ለበቀል ያገባታል፤ ይዟት ሲኮበልል ትንሿን ውሻዋን በመሐረብ ይሰቅላል። የጠላቱን ልጅ ሄርተንን ፊደል ሳያስቆጥር ያሳድጋል፤ የካትሪንን ልጅ ደግሞ ቤት ቆልፎባት፣ ሞት አፋፍ ላይ ያለውን ልጁን እንድታገባ ያስገድዳታል።

ቀጥሎ ታሪኩን ማን እንደሚናገር ይለዩ። በልቦለዱ ውስጥ አብዛኛውን የምንሰማው የቤት ሠራተኛዋ ኔሊ ለተከራዩ ለሎክውድ ስትተርክለት ነው፤ እሷም የራሷ ቅያሜና አድልዎ አላት። አንድሪያ አርኖልድ በ2011 ባዘጋጀችው ፊልም የኔሊን ትረካ አስወግዳ ካሜራውን ከሂትክሊፍ ጋር አስኬደችው። ተራኪን መቀየር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት፣ በሻርሎት ብሮንቴ ልቦለድ በ«ጄን ኤር» ውስጥ ጣሪያ ሥር ተቆልፋ የኖረችውን ሚስት ደራሲዋ ጂን ሪስ በ1966 ባሳተመችው «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ» በተሰኘው ልቦለድ እንዴት አድርጋ አንደበት እንደሰጠቻት ማንበብ ይጠቅማል።

ሦስተኛውና በእኔ ግምት ዋነኛው እርምጃ ፊልሙ የት ላይ እንደሚያበቃ ማየት ነው። ሎሬንስ ኦሊቪየር የተወነበት የዊልያም ዋይለር የ1939 ፊልም የልጆቹን ትውልድ ታሪክ ጨርሶ ተወው፤ የአርኖልድም እንዲሁ። ከላይ ካሰፈርነው ዝርዝር ውስጥ እጅግ ጨካኞቹ ድርጊቶች የሚገኙት በዚያ በተተወው ክፍል ስለሆነ፣ የሚቀረው ባመዛኙ የተከዳ አፍቃሪ ነው። ፒተር ኮስሚንስኪ በ1992 ሁለተኛውን ትውልድ ስላስገባ ሦስቱን ፊልሞች ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል።

ከዚያ የተጨመረውን ይፈትሹ፤ ሥሩ ከልቦለዱ ይነሣ እንደሆነም ይጠይቁ። በልቦለዱ መጨረሻ አንድ እረኛ ልጅ የሞተውን ሂትክሊፍን ከአንዲት ሴት ጋር አየሁ ብሎ ያለቅሳል፤ ኔሊም ቅዠት ሳይሆን አይቀርም ትላለች። የ1939ኙ ፊልም ግን፣ ዋይለር ሳይፈልገው በፕሮዲውሰሩ በሳሙኤል ጎልድዊን ትእዛዝ፣ የሂትክሊፍንና የካትሪንን መናፍስት አብረው ሲሄዱ አሳየ፤ የእረኛው ወሬ እውነት ሆኖ ቀረ። በአንጻሩ አርኖልድ ጥቁር ተዋናይ ጄምስ ሃውሰንን መምረጧ፣ ልቦለዱ ስለ ሂትክሊፍ ጥቁረትና ስላልታወቀ ትውልዱ ደጋግሞ ከሚናገረው የተነሣ ነው።

በመጨረሻ ፍርድዎን ሲጽፉ በተበዳዮቹ በኩል ይዩት። በደለኛውን እንድንረዳው የሚያደርግ ፊልም የበደሉን ክብደት መደበቅ የለበትም። ለዚህም ምዕራፍ 13 ላይ ኢዛቤላ ለኔሊ የጻፈችውን ደብዳቤ፣ ያገባችው ሰው ነው፣ እብድ ነው፣ ወይስ ሰይጣን እያለች የምትጠይቅበትን ማለት ነው፣ ፊልሙ ስለ ትዳሯ ከሚያሳየው ትዕይንት ጎን አስቀምጠው ያንብቡት።