ከጎርፍ በኋላ የወንዝ ልኬት ለምን ይዋሻል? ችግርና መፍትሄ

ማዕበል ከባሕር ዳርቻ ምን ያህል አሸዋ እንደወሰደ የሚለካ ሰውና ከጎርፍ በኋላ ጀውሃ ወይም ሮቢ ወንዝ ላይ ሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) የሚተክል ሰው ሥራቸው አንድ ነው። አንድ መስመር በፊት ይለካል፣ ያው መስመር በኋላ ይለካል፣ ልዩነቱ ይሰላል። ችግሮቻቸውም ይመሳሰላሉ። ትሪፖድ አቋቋምን፣ አረፋ ማስተካከልንና የሁለት ችካል ፈተናን ታውቃላችሁ ብዬ እዘላለሁ።

ምልክት፦ ከክረምት በኋላ ሁሉም ነጥብ እኩል ዝቅ ብሏል

ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው። ከግራ ዳር እስከ ቀኝ ዳር እያንዳንዱ ነጥብ 3 ወይም 4 ሴ.ሜ ወርዶ ይገኛል። ወንዝ እንዲህ አይሠራም። ወንዝ አንዱን ዳር ይበላል፣ በሌላው ላይ ይጥላል፤ አንድ ቦታ ይቆፍራል፣ መታጠፊያው ውስጥ ያከማቻል። ለውጡ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ የተንቀሳቀሰው ወለሉ ሳይሆን ቢኤሙ (ከፍታው የታወቀ፣ ልኬቱ የሚነሳበት ቋሚ ነጥብ) ነው።

ደጋው ላይ፣ በበሬሳ ዳርም ሆነ በሞረትና ጅሩ ሜዳ፣ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ መረሬ አፈር ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ አጭር ችካልንም ይዞ ይነሳል። ቢኤሙ 4 ሴ.ሜ ተነስቶ ስሌቱ በድሮው ከፍታ ከተሠራ የመሣሪያው ከፍታ በ4 ሴ.ሜ ያንሳል፣ ነጥቡም ሁሉ በዚያው ልክ ይወርዳል። በጋ ሲመጣ አፈሩ ይኮማተራል፣ ችካሉ ይመለሳል፣ ወንዙ “ሞላ” ተብሎ ይጻፋል። ክረምት ሸረሸረ፣ በጋ ሞላ፤ ሁላችንም የምንጠብቀው ይህንኑ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም።

4 ሴ.ሜ ትንሽ ነው የሚል አለ። ወንዙ 60 ሜትር ስፋት ካለውና የምትለኩት 200 ሜትር ርዝመት ከሆነ 480 ሜትር ኩብ ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ 30 ምልልስ፣ ከነጭራሹ የሌለ አሸዋ።

ቆላ ስትወርዱ መረሬው ይቀንሳል፣ ሰው ይተካዋል። ከመሬት ብቅ ያለ ፌሮ ለቆራሌ ብር ነው። በሬ ለማሰርም ይመቻል፤ የታሰረበት ችካል ዘንበል ብሎ ታገኙታላችሁ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቅን ሰው ነው። አንድ ጊዜ የማሳው ባለቤት፣ ትልቅ ሰው፣ “ልጄ፣ ወድቆ አግኝቼው መልሼ ተከልኩላችሁ” አሉኝ። አተካከላቸው ከኛው ይበልጥ ቀጥ ያለ ነበር። “እግዜር ይስጥልኝ አባባ” ከማለት ሌላ ምን ይባላል? ፌሮው ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ መጥፋቱን አውቀን ሌላ እንፈልግ ነበር። ተመልሶ የተተከለ ችካል ግን ማንንም ሳያስጠነቅቅ የዓመቱን ቁጥር ያበላሻል።

ሌላ ወንዝ ላይ ደግሞ ቢኤሙ በቀይ ቀለም ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ላይ ተቀብቶ ነበር። ጋቢዮን ላይ! ጋቢዮን እኮ ሥሩ ሲቆፈር አብሮ እንዲተጣጠፍና እንዲወርድ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። ጎርፉ እግሩን በላው፣ ሳጥኑ ሰመጠ፣ ቢኤሙ ወረደ፣ ነጥቦቹ ሁሉ ከፍ ብለው ወጡ። ሪፖርቱ “ደለል ሞልቷል” አለ፤ ወንዙ ግን በዚያው ሰዓት መከላከያውን ከሥር እየነቀለው ነበር።

መፍትሄው ሦስት ቢኤም ነው፣ በሦስት የተለያየ ነገር ላይ። ሁለት ቢኤም አንዱ መንቀሳቀሱን ይነግራችኋል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሦስተኛው ነው። አንዱን ከመሬት ጋር የተያያዘ ጥቁር ድንጋይ ላይ በመሮ መስቀል ቅረጹ፤ ተንከባሎ የመጣ ቋጥኝ አይሆንም፣ የሚቀጥለው ጎርፍ ያንከባልለዋል። ሁለተኛው የአስፋልቱ ድልድይ የዳር ግንብ ላይ ይሁን። ክሮስ ሴክሽኑን (ከዳር እስከ ዳር የምትለኩትን መስመር) ግን ከድልድዩ አርቁት፣ ምሰሶው አጠገብ ያለው ጉድጓድ ምሰሶው ያመጣው ነው። ሦስተኛውን ራሳችሁ በኮንክሪት ሥሩ። መረሬ ላይ ከሆነ ከስንጥቁ በታች ቆፍራችሁ፣ የዘንጉን ላይኛ ክፍል በፒቪሲ ቱቦ ሸፍኑት፤ የሚያብጠው አፈር ቱቦውን ይይዛል፣ ዘንጉን አያገኘውም። ጫፉን ከመሬት በታች አድርጋችሁ ድንጋይ ጫኑበት፣ ከሦስት ቋሚ ነገሮች ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ደብተር ላይ ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ፣ የወንዙን አንድ ነጥብ እንኳ ከማንበባችሁ በፊት፣ ሦስቱን እርስ በርስ አመሳክሩ። ስትጨርሱም ወደ ተነሳችሁበት ቢኤም ተመልሳችሁ አንብቡና ዝጉ። የተለመደው የስህተት ገደብ 12 ሚ.ሜ በኪሎ ሜትር ርቀት ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ነው፤ 200 ሜትር ለዞረ ሰው ወደ 5 ሚ.ሜ ይሆናል። “ፀሐይ በረታ፣ ነገ እንዘጋለን” የሚል ቡድን ነገም አይዘጋም።

የድሮ ዳታ ይድናል ወይ? መስመሩ ላይ የማይለወጥ ነጥብ፣ አለት ወይም የመስኖ ግንብ ጫፍ፣ ተነቦ ከነበረ ይድናል። አለቱ “4 ሴ.ሜ ተሸረሸረ” ካለ ሁሉንም ነጥብ በ4 መልሱት። እንዲህ ያለ ነጥብ ከሌለ የሁለቱን ወቅት ልዩነት አትጠቀሙበት።

ምልክት፦ ጎርፉ ትልቅ ነበር፣ ልኬቱ ግን ምንም አልተለወጠም ይላል

ይህ ስህተት ላይሆን ይችላል። ጎርፍ ሲበረታ ወለሉን ይቆፍራል፣ ሲጎድል በተሸከመው አሸዋ መልሶ ይሞላዋል። እናንተ የምትደርሱት ከሞላ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ላይም እንዲሁ ነው፤ ማዕበል የወሰደውን አሸዋ ውሃው ውስጥ ደለል አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ባሕሩ ሲረጋ ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። የባሕር ዳርቻ ለኪዎች ዘንግ አሸዋው ውስጥ ይተክሉና ላላ ያለ ሮንዴላ ያጠልቁበታል፤ አሸዋው ሲቆፈር ሮንዴላው አብሮ ይወርዳል፣ ሲሞላ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

ለአሸዋ ወንዝ ሰንሰለት ይሻላል፣ ዘንግ ግንድና ቅጠል ይይዛል። በጥር፣ የበልግ ጎርፍ ሳይመጣ፣ ሰንሰለቱን ወለሉ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ቅበሩት፣ የላይኛው ጫፍ ከወለሉ እኩል ይሁን። ጎርፉ የገለጠው ክፍል ይተኛል። በኋላ ስትቆፍሩ የታጠፈበት ቦታ ጥልቁ ቁፋሮ የደረሰበት ነው፤ ከእጥፋቱ በላይ ያለው አሸዋ ሁሉ ተመልሶ የሞላው ነው። ቀጭን የጌጥ ሰንሰለት አትግዙ፣ ዝጎ ይበጠሳል። ቦታውን ከቢኤም ለክታችሁ ጻፉ፣ አለዚያ አታገኙትም።

ቁፋሮው ወንዙ መሐል ስለሆነ ውሃው ወደሚመጣበት ወደ ላይኛው በኩል እዩ። ሸዋ ሮቢት ሰማዩ ጠርቶ ደብረ ሲና ላይ ሊዘንብ ይችላል፣ ውሃው ቁልቁል ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። አንድ ሰው ዳር ቆሞ ይጠብቅ፤ ስታፍም (ቁጥር የተጻፈበት የመለኪያ ዘንግ) አይያዝ፣ ደብተርም አይጻፍ። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ቅጠል መሸከም ከጀመረ ሌቭሉን ትታችሁ ውጡ።

ምልክት፦ መስመሩ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል

በሁለት ዘንግ፣ አንዱን ከሌላው አሻግረው እያዩ የከፍታ ልዩነት የሚለኩ ሰዎች ችግር ነው። ኤመሪ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመው ይህ ዘዴ ርካሽና ጥሩ ነው፤ ሲድኒ አጠገብ ያለው የናራቢን ዳርቻ ከ1976 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የተለካው በእርሱ ነው። ግን የሚሠራው ዓይን ባሕርና ሰማይ የሚገናኙበትን አድማስ ሲያይ ነው። የኛ ወንዝ አድማስ የለውም። የማዶውን ገደል ጫፍ እንደ አድማስ ካያችሁና ጫፉ በ100 ሜትር ርቀት ከዓይናችሁ 2 ሜትር ከፍ ካለ፣ በእያንዳንዱ 3 ሜትር እርምጃ 6 ሴ.ሜ ትሳሳታላችሁ፣ ስህተቱም ይደመራል። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የሞላ ግልጽ ጎማ በሁለቱ ዘንጎች መሐል ዘርጉ። አረፋ አታስቀሩበት።

የቀሩት

ስታፉን ሁለት ጊዜ ስታነቡ ሁለተኛው ንባብ ከጨመረ ስታፉ እርጥቡ አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ ነው፤ ጠፍጣፋ ብረት ከሥሩ አድርጉ።

ከአንድ ነጥብ ጀምሮ ንባቡ ከዘለለ የስታፉ መገጣጠሚያ አልቆለፈም። አሁን ገበያ ላይ ያለው ቀጭን አሉሚኒየም ስታፍ ቁልፉ በአንድ ወቅት ይላላል፤ በየማለዳው በሜትር ለኩት።

ጎኖቹ ቀጥ ብለው የተቆረጡ ጉድጓድ ካገኛችሁ ጎርፍ አይደለም፣ አካፋ ነው። የመኪና ዱካ ፈልጉ፣ ጫኞቹን ጠይቁ፣ ያንን ነጥብ ከስሌቱ ለይታችሁ ጻፉ።

በስልክ ጂፒኤስ ከፍታ የለካ ሰው ዳታ አትቀበሉ። ስህተቱ በሜትር ነው፣ የምትፈልጉት በሴንቲ ሜትር።