የፕሮስቴት ናሙና ከተወሰደ በኋላ፦ ደሙን፣ ሕመሙንና ትኩሳቱን ቤት ውስጥ እንዴት እንከታተል?

አባቴ ከመጸዳጃ ቤት ሆኖ ጠራኝ። "ልጄ፣ ና እስቲ።" ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ገብቼ ሳይ ሽንቱ የቀይ ሥር ጭማቂ መስሏል። ከፕሮስቴቱ ናሙና ከተወሰደ ገና አራት ሰዓት አልሞላም። ሁለታችንም ክው አልን። ስልክ ስንደውል ሐኪሙ በተረጋጋ ድምፅ "የሚጠበቅ ነው፣ ውሃ ይጠጣ" አለን።

በሦስተኛው ሌሊት ደግሞ ብርድ ብርድ አለው። ያን ጊዜ ማንም አልደነገጠም። አንድ ጋቢ ደርበንለት "ይተኛ" አልን። መደንገጥ የነበረብን ግን ያኔ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሌላ ቤተሰብ ሁለቱን እንዳያምታታ ብዬ ነው።

በቅድሚያ ምን እንደሚደረግ ባጭሩ። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር፣ ከፊንጢጣ ፊት ለፊት ያለ ዕጢ ነው። የሽንት ቧንቧ መሀል ለመሀል ያልፍበታል። ፒኤስኤ የሚባለው፣ ፕሮስቴት የሚያመነጨውን ፕሮቲን የሚለካው የደም ምርመራ ከፍ ሲል፣ ወይም ሐኪሙ በጣቱ ሲመረምር የሚያጠራጥር ነገር ሲያገኝ ካንሰር መኖር አለመኖሩን ለማጣራት ናሙና ይወሰዳል። በአልትራሳውንድ እየታየ ቀጭን መርፌ ይገባና አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ቁራጭ ይወጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ክር የሚያክል ነው። መርፌው ሲተኮስ እንደ ስቴፕለር "ቀጭ" የሚል ድምፅ አለው። አባቴ ከሕመሙ ይልቅ ያስበረገገው ድምፁ እንደሆነ ነግሮኛል። ስለዚህ አስቀድማችሁ እወቁት።

1. ከቀጠሮው በፊት ለሐኪሙ ሁሉንም ንገሩ

የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ ዋርፋሪንም ሆነ ክሎፒዶግሬል፣ በግልጽ ይናገር። በራሱ ፈቃድ ግን አያቋርጥ። ለልብ የተሰጠን መድኃኒት ያለ ሐኪም ማቆም ከናሙናው የበለጠ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። የሚቆም ከሆነ መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚጀመር በወረቀት አስጽፉ። ስኳር ካለ፣ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ካለ፣ ለመድኃኒት አለርጂ ካለ ይነገር።

አንድ የምንረሳው ነገር አለ። በቅርብ ወራት ውስጥ አንቲባዮቲክ ወስዳችኋል? እኛ አገር ሲፕሮና አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ስለሆነ እንደ መድኃኒት አንቆጥረውም። ሐኪሙ ግን ይህን ማወቅ አለበት። በቅርቡ አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው አንጀቱ ውስጥ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች የመኖራቸው ዕድል ከፍ ይላል። አባቴ ለጥርሱ ሲፕሮ ወስዶ እንደነበር ትዝ ያለን ከታመመ በኋላ ነው።

2. ከሆስፒታል ሳትወጡ ጠይቃችሁ ውጡ

መርፌው የገባው በፊንጢጣ በኩል ነው? ወይስ በቆለጥና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ? ይህን ጠይቁ። በፊንጢጣ በኩል ከሆነ መርፌው የአንጀት ባክቴሪያ ይዞ ሊገባ ስለሚችል የኢንፌክሽን ሥጋቱ ይበልጣል። በቆዳው በኩል ሲሆን ኢንፌክሽኑ ይቀንሳል። ነገር ግን ቦታው ሊበልዝና ሊያብጥ ይችላል፣ ሽንትም ሊያስቸግር ይችላል።

አንቲባዮቲክ ከታዘዘ በስንት ሰዓቱ፣ ለስንት ቀን፣ ከምን ጋር እንደሚወሰድ ይጻፍላችሁ። ሲፕሮ ከሆነ በወተት፣ በእርጎ ወይም በጨጓራ መድኃኒት አይዋጥ፤ ኃይሉን ይቀንሱታል። ሌሊት የሚደወልበት ስልክ ቁጥርም ያዙ። ቢቻል ሽንት ሳትሸኑ ከዚያ አትውጡ።

ከክፍለ ሀገር ለመጣ ሰው የምመክረው አንድ ነገር አለ። በዚያው ቀን አውቶቡስ አይሳፈር። ዘመድ ጋርም ሆነ አልጋ ይዞ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ሆስፒታል ቅርብ ይሁን። ወጪ እንደሆነ አውቃለሁ። ትኩሳቱ መንገድ ላይ ቢነሳ ግን ምን ሊደረግ ነው?

3. የመጀመሪያው ቀን፦ ዕረፍትና ውሃ

ራስ ማዞር ሊኖር ስለሚችል ማንም ሰው ራሱ መኪና እየነዳ አይመለስ። ቤት ሲደርስ ጋደም ይበል። ፊንጢጣ አካባቢ የሚሰማው ድንዛዜ ሲለቅ የመክበድና የመቆጥቆጥ ስሜት ይመጣል። ይህ በአንድ ሁለት ቀን ይቀላል። ፓራሲታሞል ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሳታልፉ ይበቃል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መድማትን ሊያብሱ ስለሚችሉ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትውሰዱ። ቆዳው ካበጠ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለአሥር ደቂቃ ያህል መያዝ ያሳርፋል።

ውሃ በደንብ ይጠጣ። ልብ ወይም ኩላሊት ታሞ ውሃ የተመጠነበት ሰው ካልሆነ በቀር፣ በቀን ሁለት ሊትር ገደማ ጥሩ ነው። ደሙ እንዳይረጋ ያጥበዋል። ጠላውም አረቄውም ለጥቂት ቀናት ይቅር።

ጾም ላይ ላሉ አባቶች ይህ ከባድ ነው። አባቴም "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ" ብሎ ነበር። የንስሐ አባቱ በስልክ "ታማሚ ነህ፣ ጠጣ" ሲሉት ነው የተቀበለው። የእኔ ንግግር አልበቃም ነበር። በረመዳንም እንደዚሁ ነው፤ ለታመመ ሰው መንገድ ስላለ የሚታመን ሰው ይጠየቅ።

4. ደሙን በዓይናችሁ ተከታተሉ

ደም በሦስት ቦታ ይታያል። በሽንት ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ለአንድ ሁለት ሳምንት መጥቶ ይሄዳል። ጠርቷል ስትሉ ተመልሶ ሊቀላ ይችላል። በሰገራ ወይም በሶፍት ላይ ለጥቂት ቀናት ጠብ ጠብ ይላል። በዘር ፈሳሽ ላይ ግን ለሳምንታት፣ ለአንዳንዱም ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። መጀመሪያ ቀይ፣ በኋላ የዛገ ብረት የሚመስል ቡናማ ይሆናል።

እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት አባቴ በጠራ ፕላስቲክ ኩባያ ይሸናል። መስኮቱ ጋር በብርሃን እናየዋለን። ሮዝ ወይም ፈዘዝ ያለ ሻይ ከመሰለ ደህና ነው። እንደ ቲማቲም ድልህ ከወፈረ፣ የረጋ ደም ከበዛበት፣ ወይም ውሃ እየጠጣም እየቀላ ከሄደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ከፊንጢጣ ደም ከፈሰሰና ካላቆመም እንደዚያው። ኩባያውን ማየት ፍርሃቱን አቀለለለት። በየቀኑ ሲጠራ በዓይኑ አየዋ።

በነዚያ ቀናት ቀይ ሥር አትብሉ። የአንዳንድ ሰው ሽንት በቀይ ሥር ብቻ ስለሚቀላ ያምታታችኋል። ሆድ እንዳይደርቅ ደግሞ ጎመን፣ ፓፓያ፣ ተልባ ይኑር። ማማጥ ቁስሉን መልሶ ያደማዋል።

5. ቴርሞሜትር ከትራስ አጠገብ ይቀመጥ

ከሁሉም በላይ ይህን አንብቡልኝ።

በሦስተኛው ሌሊት አባቴ ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠ። አክስቴ "ትናንት ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ምች ነው የመታው" አለችና ዳማ ከሴ ልትቀጥፍ ወደ ጓሮ ወጣች። እሱም "ብርድ ነው፣ ይለቀኛል" አለ። ሁሉም ከፍቅር ነው። ዳማ ከሴውን እያሸች ሳለ ቴርሞሜትሩን ብብቱ ሥር ከተትኩት። 38.9 አነበበ።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ወረፋ ነበር። ነርሷን "ከፕሮስቴቱ ናሙና ከተወሰደ ሦስት ቀኑ ነው፣ አሁን ያንቀጠቅጠዋል" አልኳት። ወዲያው አስገባችው። ደምና ሽንት ለምርመራ ተወሰደ፣ መድኃኒት በደም ሥር ተጀመረ። አራት ቀን ተኛ። በኋላ ባክቴሪያው ኢ ኮላይ እንደሆነና ይውጠው የነበረው ሲፕሮ እንደማይገድለው ታወቀ። ኪኒኑን አንድም ሳይዘል እየወሰደ ነበር የታመመው። ስለዚህ "መድኃኒት እየወሰድኩ ነው" ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ይህ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር አይደለም። ሲደርስ ግን ባክቴሪያው ደም ውስጥ ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ሰውን ሊጥል ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋትና ማታ ለኩ። ፓራሲታሞል ከመዋጡ በፊት ለኩ፤ ክኒኑ ትኩሳቱን ሊሸፍነው ይችላል። 38 ከደረሰ፣ ወይም ቴርሞሜትሩ ምንም ቢል የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ከያዘ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ግራ መጋባት፣ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ማለት፣ ሲነሱ መውደቅም ምልክቶች ናቸው። ጉንፋን ነው፣ ወባ ነው፣ ምች ነው እያላችሁ ቤት ውስጥ አትከራከሩ። ከበፊት የተረፈ ኪኒንም በራሳችሁ አትጀምሩ።

አዲስ አበባ ላይ ያላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101። ቋንቋው ለሚያስቸግር አባት አንዲት ዐረፍተ ነገር ባሉበት አገር ቋንቋ ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱለት፦ "በዚህ ቀን የፕሮስቴት ናሙና ተወስዶልኛል።" ቀኑን ሙሉበት። ሐኪሞቹን በፍጥነት የሚያነቃቸው ይህ ቃል ነው።

6. ሽንት እምቢ ካለ

ዕጢው በመርፌው ስለሚያብጥ የሽንቱ ፍጥነት ሊቀንስ፣ ቶሎ ቶሎ ሊያስኬድ፣ ሊያቃጥል ይችላል። ይህ በጥቂት ቀናት ይሻላል። ጨርሶ እምቢ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ሆድ ከእምብርት በታች ተነፍቶ፣ እያስጨነቀ፣ ጠብታ ብቻ ከሆነ ሂዱ። ተጨማሪ ውሃ በመጠጣት አይፈታም፤ ያብሰዋል። ለጥቂት ቀናት ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ይገባል፣ ዕጢው ሲያርፍ ይወጣል። ከድሮም ሽንት የሚያስቸግረው ሰው ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

7. ሥራና ትዳር

ቢሮ የሚሠራ ሰው በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ሊመለስ ይችላል። ጆንያ ማንሳት፣ ማረስ፣ ፈረስ፣ ሞተርና ብስክሌት ለሳምንት ያህል ይቆዩ።

ግንኙነት፣ ሐኪሙ ሌላ ካላለ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይቻላል። የዘር ፈሳሹ ቀለም ሚስትን አይጎዳም፣ በሽታም አይደለም። ግን ሳይነገራት ብታየው ምን ልታስብ እንደምትችል ገምቱ። ቀድማችሁ ንገሯት። ለጥቂት ሳምንታት ብልት እንደ ቀድሞው አለመቆምም ያጋጥማል፣ ጭንቀቱም ያባብሰዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ ለሐኪሙ ይነገር፤ የሚያፍሩበት ነገር አይደለም። ወንዶች ስለዚህ ጉዳይ አፋቸውን ለጉመው መሰቃየታቸው ያሳዝነኛል።

8. ውጤቱን ስትጠብቁ

ናሙናው ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ፣ ሄዶ ውጤቱ እስኪመለስ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ብልቃጡን ቤተሰብ ራሱ እንዲያደርስ የሚደረግበት ቦታ አለ። ስምና ቀን ተለጥፎበት እንደሆነ አይታችሁ ተቀበሉ፣ ደረሰኙን አትጣሉ።

በዚህ መሀል ጎረቤት "ብረት ከነካው ይሰራጫል" ማለቱ አይቀርም። በናሙና መርፌ ምክንያት የፕሮስቴት ካንሰር መሰራጨት እጅግ ብርቅ ነው። በዚህ ፍርሃት ምርመራውን የተዉ ሰዎች ግን በሽታው አጥንት ላይ ከደረሰ በኋላ ይመጣሉ።

ካንሰር ከተገኘ ወረቀቱ ላይ ግሊሰን የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ከ6 እስከ 10 ነው፣ ከፍ ባለ ቁጥር በሽታው ኃይለኛ ነው። የአባቴ 6 ነበር፤ ሐኪሙ ቀዶ ጥገናም ጨረርም ሳያዝለት በክትትል አስቀመጠው። "አልተገኘም" የሚል ውጤትም ነገሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። መርፌዎቹ የሚነኩት የዕጢውን ጥቂት ቦታ ስለሆነ ሐኪሙ ክትትል ሊያዝ ይችላል።

የሚቀጥለውን ፒኤስኤ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ አታሠሩ። መርፌው ራሱ ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርገው በከንቱ ትደነግጣላችሁ። አባቴ ቀኑን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በቀይ እስክሪብቶ ከቦታል፣ ከጎኑም ቴርሞሜትሩ በክር ተንጠልጥሏል።